በጨው የገዛሁት ውሃ፦ ከዝዋይ እስከ ጠጠሪት

ይህ ጉዞ የፈጀብኝ እንደሚከተለው ነው፦ ሁለት ኩንታል ጨው፣ አንድ የግራ እግር ጫማ፣ የሰው እንስራ፣ የትከሻዬ ቆዳ፣ እንዲሁም በዝዋይ አሣ አጥማጆች ዘንድ የነበረኝ የብልጥነት ስም። የመኪናውን፣ የመኝታውንና የምግቡን አልጽፍም፤ ሰው ቤቱ ቢቀመጥም ይበላል።

እኔ የደረቅ አሣ ነጋዴ ነኝ። ሐይቅ ዳር ተወልጄ፣ ሐይቅ ዳር አድጌ፣ ትምህርቴን የጨረስኩት መርካቶ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ነው። በዚያን ዘመን እህል ልነግድ ያለ ሰው ፈቃድ ነበረበት፣ ኮታ ነበረበት፣ ኬላ ነበረበት፣ ከኬላው በኋላ ደግሞ ሌላ ኬላ። የሐይቁንም አሣ ማኅበር ያዘውና እኛን የግል ነጋዴዎችን ከዳር አስቀመጠን። የወንዝ አሣ ግን ማንም አልጻፈበትም። ጽሕፈት ቤት ያሉት ጓዶች ወንዝ ውስጥ አሣ ይኖራል ብለው ሳያስቡ ቀርተው ይሆናል።

ነገሩን የጀመረው ይርዳው ነው። ይርዳው የቡሬ በርበሬ ነጋዴ ሲሆን መርካቶ ሲመጣ ከእኔ አጠገብ ያራግፍ ነበር። አንድ ቀን ምሳ እየበላን፣ “እኛ አገር አሣ ደረጃ ይወጣል” አለኝ።

“ደረጃ?”

“ደረጃ። መስቀል ካለፈ በኋላ ከፈጣም ወንዝ ይነሣና ጠጠሪት ወደምትባል ትንሽ ወንዝ ሽቅብ ይወጣል። ጠጠር ላይ እንቁላሉን ጥሎ ይመለሳል። ሲመለስ በቅርጫት እንሰፍረዋለን።”

የዝዋይ አሣ እንደ ጡረተኛ ነው፤ ካለበት ሳይንቀሳቀስ ይጠብቅሃል። ሽቅብ የሚሄድ አሣ ሰምቼም አላውቅ። እንቅልፍ ነሣኝ። የነቢያት ጾም ሳይገባ አንድ ጭነት ደረቅ አሣ መርካቶ ካደረስኩ በእግሬ እቆማለሁ፤ ካላደረስኩ የሚቀረኝ ሥራ የወንድሜ ሱቅ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ዝንብ ማባረር ነበር። ያለኝን ሁሉ ሰበሰብኩና ጨው ገዛሁበት፤ ያለ ጨው አሣ ሳይውል ሳያድር ይሸታል። ከቀበሌዬም የይለፍ ወረቀት አወጣሁ። “የጉዞው ምክንያት” በሚለው ላይ ጸሐፊው ምን እንደሚጽፍ ቸግሮት “የዘመድ ጥየቃ” አለ። ዘመዶቼ ክንፍ እንዳላቸው አልነገርኩትም።

ሰኞ ሳይነጋ ከአዲስ አበባ አውቶቡስ ተራ ተነሣን። ረዳቱ ጆንያዎቹን ጣሪያ ላይ ሲያወጣ ከሥር ደገፍኩለት፤ እያለከለከ፣

“ጋሼ፣ ሲሚንቶ ነው እንዴ?”

“ጨው ነው።”

“ጎጃም ጨው የለም?”

“አለ። ከእኔ ጋር ግን አይተዋወቅም።”

አጠገቤ የተቀመጡት ቄስ ወሬያችንን ሰምተው ኖሮ የዓባይን በረሃ መውረድ ስንጀምር ወደ እኔ ዞር አሉ። “ጨውህ ለምንድን ነው ልጄ?”

“ለአሣ ነው አባ።”

“ቅርፊትና ክንፍ ላለው ነው? አምባዛ አይደለም?”

“ቅርፊት ያለው ነው።”

“እንግዲያስ መንገድህንም ጆንያህንም ይባርክልህ።”

“አምባዛ ቢሆን ኖሮስ?”

“አንተን ብቻ እባርክ ነበር።”

ከድልድዩ ላይ ዓባይን አየሁት። የእኛ ሐይቅ ተኝታ የምታመሰኳ ላም ናት፤ ይሄኛው ገበያ የረፈደበት ሰው ነው፤ ማንንም ሳያይ ይነጉዳል። ከዚህ ጉድ ውስጥ ተነሥቶ ሽቅብ የሚወጣ አሣ ምን ዓይነት ልብ ቢኖረው ነው አልኩ። ደብረ ማርቆስ አደርን። ብርዱ የዝዋይን የአንድ ዓመት ብርድ አጠራቅሞ በአንድ ሌሊት የሚሰጥ ነው፤ ባለ መኝታ ቤቱ አዝኖልኝ የራሱን ጋቢ ደረበልኝ፤ ጠዋት ሲወስደው ደግሞ እንደ ባለዕዳ ይቅርታ ጠየቀኝ።

ማክሰኞ ደንበጫን አልፈን ጅጋ መግቢያ ላይ ጎማ ፈነዳ። ረዳቱ ጥፋቱን በጨዉ አሳበበ፤ እኔ በጎማው ዕድሜ። መንገድ ዳር ቅቅል ድንች የምትሸጥ ሴት በርጩማዋን ለቀቀችልኝና ድንችና በርበሬ አቀረበችልኝ። ሒሳብ ስል እጇን አወዛወዘች።

“ጎማ የፈነዳበትማ እንግዳ ነው። ገዥ በእግሩ የመጣ ነው።”

በእኛ በኩል ጎማ የፈነዳበት ሰው ዋጋው እጥፍ ነው፤ የትም አይሄድማ። ጎማው እስኪቀየር አራት ድንች በላሁ፤ ሕሊናዬ ግን ከሁለተኛው በኋላ መጉረምረም ጀምሮ ነበር።

ፍኖተ ሰላም ስንደርስ መሽቶ ስለ ነበር እዚያው አደርን። ሳይጨልም ላህ ወንዝን ለማየት ወረድኩ። ሐይቅ ዳር ያደገ ሰው አዲስ አገር ሲደርስ መጀመሪያ የሚያየው ውሃውን ነው። ድንጋዮቹ ወገባቸው ድረስ ወጥተው ቆመዋል። ወንዝ አላውቅም፤ የከሳ ነገር ግን አውቃለሁ። የማደሪያዬን ባለቤት ጠየቅኋት።

“ዘንድሮ ዝናቡ መስቀልን ሳያይ ሄደ” አለች ሽሮውን እያቀረበችልኝ። “ምነው፣ ውሃ ነጋዴ ነህ?”

ሳቅኩ። በሳምንቱ ያንን ቃል ሳስታውሰው አልሳቅኩም።

ረቡዕ በጭነት መኪና ቡሬ ገባሁ። ቡሬ መንገድ የሚለያይባት ከተማ ናት፤ አንዱ ወደ ባሕር ዳር፣ አንዱ ወደ ነቀምት። መንገድ የሚለያይበት ቦታ ደላላ ይበቅላል፤ ይህ በየትም አገር ያው ነው። ጆንያዎቹ መሬት ሳይነኩ ከበቡኝ። ለካ በዚያ ሰሞን ጨው ከከተማው ጠፍቷል። የጠሩልኝን ዋጋ እዚህ አልጽፈውም፤ ዛሬም ሳስበው ያመኛል።

ይርዳው ከደላሎቹ መካከል ጎትቶ አወጣኝና ቤቱ ወሰደኝ። ሚስቱ እግሬን ልታጥበኝ ውሃ ይዛ መጣች፤ ለባሕር ሰው ውሃ ማቅረብ ለበርበሬ ነጋዴ በርበሬ እንደ መስጠት ነው ብዬ ብቀልድም አልሰማችኝም፤ አጠበችኝ።

“ምክሬን ስማኝ” አለ ይርዳው። “ጨውህን እዚሁ ሽጠህ ብትመለስ ታተርፋለህ። ውሃው ሸሽቷል።”

“አሣውስ?”

“አሣው መጥቷል። ደረጃው ሥር ቆሟል። ደረጃው ነው የደረቀ።”

እዚህ ላይ አንድ አስተዋይ ነጋዴ ምን እንደሚያደርግ ለማንም መንገር አያስፈልግም። እኔ ግን “ቆሟል” የምትለዋ ቃል ያዘችኝ። ያን ሁሉ መንገድ መጥቶ በር ላይ የቆመ አሣ! ሽቅብ የሚሄድ አሣ ሳላይ ዝዋይ ብመለስ ለአጥማጆቹ ምን እነግራቸዋለሁ? ጨው ሸጬ መጣሁ ልበል? ጨውማ ሞጆም ይሸጣል። ነገ አህያ ፈልግልኝ አልኩት።

ሐሙስ በአራት አህያ ጨዉን ጭነን ከይርዳው ጋር በእግር ወጣን። ማሳው ሁሉ በርበሬ ነው፤ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ቀይ። ፈጣምን ስንሻገር የግራ ጫማዬን ጭቃው ወሰደው። ይርዳው ዘወር ብሎ፣ “ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው” አለኝ። እኔ አልሳቅኩም ነበር፤ አህያ ነጂው ነው የሳቀው።

ያረፍነው የይርዳው አማት፣ አባ ቢተው ቤት ነው። አባ ቢተው ረዥም፣ ቀጭን፣ ቶሎ የማይመልሱ ሽማግሌ ናቸው፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ እናኑ ደግሞ የእሳቸውንም ድርሻ ጨምረው ይመልሳሉ። እርጎ ጠጥተን ሳንጨርስ፣ “በል ተነሥ፣ ለማየት አይደል የመጣኸው” አሉኝ ወይዘሮ እናኑ፤ ባልና ሚስቱ ወንዙ ዳር ወሰዱን።

ጠጠሪት ጠባብ ወንዝ ናት። ወደ ፈጣም ከመግባቷ በፊት ሦስት እርከን ባለው ጥቁር ድንጋይ ላይ ትወርዳለች። በዚያን ቀን በድንጋዩ ላይ የሚወርደው ውሃ ለአንድ ሰው እጅ ማስታጠቢያ ቢበቃ ነው። ከሥሩ ጥልቅ ገንዳ አለ። ጎንበስ ብዬ አየሁና ጫማዬን፣ ጨዉን፣ ቡሬንም ረሳሁ።

ገንዳው አሣ ነበር። ውሃ ያለበት አሣ እንጂ አሣ ያለበት ውሃ አይባልም። ክንድ የሚያህል፣ ጀርባው የአሮጌ ነሐስ ቀለም ያለው፣ ጎን ለጎን ተደርድሮ፣ አፍንጫውን ሁሉ ወደ ደረጃው አድርጎ። አንዱ ተስፈነጠረና ባዶ ድንጋይ ላይ ጧ ብሎ አርፎ ተንሸራቶ ወደቀ። ሌላው ተከተለ። ልቤ ከእነሱ ጋር ተነሥታ ከእነሱ ጋር ትወድቅ ጀመር።

“ምን ይፈልጋሉ?” አልኩ፤ ድምፄ እንደ ልጅ ቀጠነ።

“ጀርባቸውን የሚሸፍን ውሃ” አሉ አባ ቢተው። “እሱም ጠጠሩን የሚያሳይ፣ የጠራ መሆን አለበት። በደፈረሰ አይወጡም። ላይ ሲደርሱም የሚሮጥ ውሃ ይሻሉ፤ የተኛ ውሃ እንቁላሉን ያፍነዋል። ኃይለኛ ጎርፍ ኸሆነ ደሞ ይጠርገዋል።”

“ኸሙሽራ ይብሳሉ” አሉ ወይዘሮ እናኑ።

“ውሃውን ማን ወሰደው ታዲያ?”

“በርበሬው ጠጣው።”

ነገሩ እንዲህ ነው። ዝናቡ ቀድሞ ሲያቋርጥ ገበሬዎቹ የመጨረሻው በርበሬ እንዳይጠወልግባቸው ጠጠሪትን ከላይ ጠለፏት። ውሃው በቦይ እየተመራ በየማሳው በተራ ይገባል፤ ሰባት ባለ ተራ አለ፤ ለአንዱ አንድ ቀን፤ በሳምንቱ ዙሩ ይሞላል። ተራውን የሚጠብቅ በአገሬው የተመረጠ ሽማግሌ “የውሃ አባት” ይባላል። የዚያ ወንዝ የውሃ አባት አስተናጋጄ አባ ቢተው ራሳቸው ናቸው። ይህን ስሰማ ደስ አለኝ፤ በእኛ አገር የውሃውን ሹም ቤት የበላ ሰው ውሃ አገኘ ማለት ነው።

“እርስዎ የውሃ አባት ከሆኑ ይልቀቁታ!”

“አባት ነኝ እንጂ ባለቤት አይደለሁም” አሉ። “የልጆቹን ድርሻ ቆርሶ ለእንግዳ የሚያጎርስ አባት አይተሃል?”

“ባለ ተራዎቹን ራሴ ባነጋግርስ?”

“አፍ አለህ።”

“ስንት ቀን ነው የሚያስፈልጋቸው?”

“ለመውጣት አንድ ቀን ይበቃል። ለመውረድም ሌላ። ጠጠሩ ግን እንቁላሉ እስቲፈለፈል መድረቅ የለበትም። ሙሉ ዙር በለው።”

ነጋዴ አጭር መንገድ ይወዳል። “አሁን እዚሁ ገንዳው ውስጥ በቅርጫት ብንሰፍራቸውስ?” አልኩ።

ይርዳው መሬት መሬት አየ። የሠርግ እንግዳ በር ላይ እንረድ ያልኩ ነው የመሰለው።

“ሲወጡ እንግዳ ናቸው” አሉ አባ ቢተው ቀስ ብለው። “ሲወርዱ ነው የእኛ።”

የአገሩ ሥርዓት ይኸው ነው። አሣው ሲወጣ ወንዙ ውስጥ ልብስ አይታጠብም፤ ከብት እንኳ ከታች ዞሮ ነው የሚጠጣው። አላከበርኩትም ማለት አልችልም፤ ኪሴ ግን አልወደደውም።

አርብና ቅዳሜ ውሃ ስገዛ ዋልኩ። ሰባቱን ባለ ተራ አንድ በአንድ፣ በአንድ እግር ጫማ፣ ማሳ ለማሳ። ዋጋው ጨው ነበር፤ በዚያ ሰሞን ከጨው የሚበልጥ ብር አልነበረምና። ሦስቱ ቶሎ ተስማሙ። በመጨረሻዎቹ ቀናት፣ አርብና ቅዳሜ፣ ተረኛ የሆኑት ሁለት ወንድማማቾች ግን መርካቶ ቢወለዱ እኔን ተቀጣሪ ያደርጉኝ ነበር። ታላቁ ሲናገር ታናሹ ይተክዛል፤ ታናሹ ሲናገር ታላቁ ይተክዛል።

“በርበሬው ቢጠወልግስ ወንድም ዓለም?” ይላል ታላቁ።

“በአንድ ቀን የሚጠወልግ በርበሬ ቀድሞም አልበቀለም።”

“ልጆቹ ምን ይበላሉ?”

“በጨው ይበሉታ።”

ታናሹ ተከዘ። አንድ ቁና ጨመርኩ። ታላቁም ተከዘ። ሲያልቅ የሁለቱ ተራ ብቻ ከጨዌ ግማሹን ወሰደ።

አንደኛው ተራ የገበሬ ማኅበሩ የጋራ ማሳ ነው። ሊቀመንበሩ ፊሽካ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ጎልማሳ ነው። “ጓድ ነጋዴ” ብሎ ጀመረና ሁለቱ ቃላት አንድ ላይ መሄዳቸው ስለከበደው ፊሽካውን ነካካ። ቀጥሎ፣ “የሕዝብ ውሃ በጨው አይለወጥም። ከከተማ ስለ መጣህ ግን በዛሬው ስብሰባ ስለ አሣ ምርት ንግግር ካደረግህ ለምርት ሲባል ይፈቀዳል” አለኝ። በሕይወቴ የተናገርኩበት ስብሰባ የጨረታ ብቻ ነው። ዛፍ ሥር ቆሜ፣ “አሣ የሰፊው ሕዝብ ሀብት ነው” አልኩ፤ “በተለይም የነጋዴው” የምትለዋን ዋጥኳት። አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አወጡ።

“አሣው በማኅበር ተደራጅቷል ወይ?”

“ሁሉም ባንድነት ሽቅብ ስለሚወጣ፣ ተደራጅቷል ማለት ይቻላል።”

ሊቀመንበሩ ደስ ብሎት ፊሽካውን ነፋ። ውሃው ተፈቀደ።

ሰባተኛዋ ወይዘሮ ደብሬ ናቸው፤ ብቻቸውን የሚያርሱ ሴት። ጨው ስዘረግፍላቸው አላዩትም።

“ጨው አለኝ። ብርም አልሻ። በርበሬዬ ነገ ተራው ነው፤ ማን ያጠጣልኛል?”

“ምን ላድርግ እቴ?”

“ውሃዬን ኸወሰድህ ራስህ አጠጣልኝ። በትከሻህ።” እንስራ አቀረቡልኝ።

በዚያ አገር ወንድ እንስራ አይሸከምም፤ በእኛም። ከገንዳው እስከ ማሳቸው ያለው ዳገት የተሠራው ለፍየል ነው። ቅዳሜን ከሰዓት ሙሉ እንስራ አዝዬ ወጣሁ ወረድኩ። ሴቶቹ ሥራ ትተው መንገድ ዳር ተቀመጡ። “ሙሽሪት መጣች! እልል በሉላት!” ይላሉ፤ ከዚያም በአዊኛ አንድ ነገር ይባባሉና መሬት እስኪነኩ ይስቃሉ። ያልተተረጎመልኝ እግዜር ሲጠብቀኝ ነው። ሲመሻሽ አዳለጠኝና እንስራው ድንጋይ ላይ ፍርክስ አለ። ደብሬ ስባሪውን አዩ፤ እኔን አዩ።

“አይዞህ፣ እንስራ ነው” አሉ። “ሌላ አለኝ።”

ይበልጥ ትልቁን አመጡልኝ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ አባ ቢተው የጠለፋውን አፍ በሳርና በጭቃ ደፈኑና ጠጠሪት ወደ ቤቷ ተመለሰች። ሰው ሁሉ ዳሩ ላይ ተሰብስቧል። ውሃው በሦስቱ እርከን ላይ ወረደ፤ ነገር ግን የቦይ ጭቃ ይዞ፣ እንደ ጠላ አተላ ደፍርሶ።

“ጭቃው ሲሰፍን ዛሬ ማታውን ይወጣሉ” አሉ አባ ቢተው።

አልወጡም። ሰኞም ቀኑን ሙሉ አልወጡም። ሁለት ቀን ውሃዬ ለማንም ሳይጠቅም ወደ ፈጣም ሲሄድ ዳሩ ላይ ቁጭ ብዬ አየሁት። ገንዘብ ሲፈስ በጆሮ የሚሰማ ነገር መሆኑን ያወቅኩት ያኔ ነው። ወንድማማቾቹ ሊጠይቁኝ መጥተው አጠገቤ ተከዙ። “መቼም ጨው አይመለስም” አለ ታናሹ፣ ሳልጠይቀው። ወይዘሮ እናኑ ናቸው ባላቸውን እያዩ፣ “አሣውም እንዳንተ ነው፤ ኸጠሩት በኋላ ሁለት ቀን ያስባል” ያሉ። ጥሬ ቆልተው እፍኜን ሞሉልኝ። አልበላሁም።

ማክሰኞ ፀሐይ ልትወጣ ስትል ወይዘሮ እናኑ ከደጅ ጮኹ፦ “አንተ የባሕር ሰው! ድረስ፣ ዘመዶችህ መጡ!”

በአንድ እግር ጫማ ሮጥኩ። ውሃው ጠርቷል፤ በእርከኖቹ ላይ እንደ መስተዋት ተዘርግቶ ይወርዳል፤ ጠጠሩ አንድ በአንድ ይታያል። ገንዳው ይፈላል። የመጀመሪያው ተነሣ! ጎኑ በፀሐይ ብልጭ አለ፤ አንደኛው እርከን ላይ አረፈ፤ ጅራቱን ሁለቴ መታ፤ ሁለተኛው ላይ ዘለለ፤ ውሃው ወደ ኋላ ገፋው፤ ተንፏቀቀ፤ “በርታ!” ብዬ ጮህኩ፤ ሦስተኛውን አለፈ! ከኋላው አምስት፣ ከዚያ አሥር፣ ከዚያ መቁጠሩን ተውኩት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ እዚህ አገር በክንፉ ዳገት ይወጣል። አንዱ አራት ጊዜ ወድቆ በአምስተኛው ሲያልፍ ሊቀመንበሩ ራሱን ረስቶ ፊሽካውን ነፋ። ወይዘሮ ደብሬ እልል አሉ። እኔ? ጉልበቴ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆሜ፣ መግዣ መሸጫውን ረስቼ፣ እንደ ኳስ ተመልካች እየጮህኩ ነበር። አንዱም አሣ በእጄ ሥር አለፈ፤ ነካኝም። አልያዝኩትም፤ እንግዳ ነዋ።

ከደረጃው በላይ ውሃው እንደ ሽምብራ የደቀቀ ጠጠር ባለው አልጋ ላይ ቀጥኖ ይሮጣል። ማክሰኞና ረቡዕ እዚያ ላይ ተያያዙት፤ ጀርባቸው ከውሃው ወጥቶ፣ እየተጋፉ፣ ጠጠሩን በሆዳቸው እያንኳኩ። ጆሮ ሲሰጡት ከሩቅ ሰው ባቄላ የሚሰፍር ይመስላል። የዝዋይ አሣ ልጁን እንዴት እንደሚወልድ ጠይቄ አላውቅም ነበር፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሸጬው።

ሐሙስ ጠዋት መውረድ ጀመሩ። አሁን የእኛ ናቸው። ሰው ሁሉ ከታች ቅርጫት ይዞ ቆመ፤ ሲዘሉ ይቀልቧቸዋል። እስከ ቀትር የእኔ ድርሻ ብቻ አራት አህያ የሚሞላ ሆነ። ያን ጊዜ ነው ጆንያዎቼን ለመክፈት የተነሣሁት። ሦስቱ ባዶ። የአራተኛው ግርጌ ላይ ሁለት ቁና የማይሞላ ጨው አለ።

አስቀድሞ አላሰብከውም ወይ የሚለኝ ሰው ይኖራል። ጨው እየሰፈርኩ ውሃ ስገዛ ስለ ውሃው ብቻ ነበር የማስበው። ውሃ የሚያሳስቀው እንዲህ አድርጎ ነው።

ፀሐይዋ ታቃጥላለች። አሣው እስኪመሽ ጨው ካልገባው ያበቃለታል። ወንድማማቾቹ ይህንን ያወቁት ከእኔ ቀድመው ነው። ታላቁ መጣና አጠገቤ ቁጢጥ አለ።

“ወንድም ዓለም፣ የነገና የተነገ ወዲያ ውሃ ያንተ ነው። አሣህ ወርዷል። ውሃው ኸእንግዲህ ምን ይሠራልሃል? ተራችንን መልስልን፤ ጨውህን አሁኑኑ እንመልስልህ።”

ግማሽ ጨዌ! ሁሉንም አሣ ለማዳን ይበቃል። ንግድ ሲባል ይህ ነው፤ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን ይህንኑ ነበር የምለው። እጄን ለመምታት ዘረጋሁ ማለት ይቻላል። አባ ቢተው ከወዲያ ቆመው ወንዙን ያያሉ እንጂ እኔን አያዩም።

“ጠጠሩ ምን ይሆናል?” አልኳቸው።

“ይደርቃል።”

“እንቁላሉስ?”

“አብሮ።”

“ዘንድሮ የማይወለድ አሣ መቼ ነው የሚጎድለን?”

“ሦስት አራት ዓመት ቆይቶ ገንዳው ባዶ ይሆናል። ያኔ ማን ባዶ እንዳደረገው የሚያስታውስ የለም።”

ታላቁን ዞሬ አየሁት። “ጊደሯን አርዶ ወተት ነጋዴ ነኝ የሚል ሰው ታውቃለህ?” አልኩት። “አልመልስም።”

“ይኸማ ላም አለኝ በሰማይ ነው!”

“በሰማይ አይደለም። በጠጠር ነው።”

ተከዘ። ይህኛው ትካዜ እውነተኛ መሰለኝ፤ በርበሬው ከልቡ አሳስቦታል። ተነሥቶ ሄደ።

አሣውን ሁለት ቁና በማይሞላ ጨው ምን እንደማደርገው ቆሜ ሳሰላ ወይዘሮ እናኑ ቢላዋ ይዘው መጡ። “ቋንጣ አታውቁም እናንተ አገር? ዘልዝለው፣ በርበሬ እሸው፣ ጭስ ላይ ስቀለው። የሚተርፈው ይተርፋል።” ቤታቸው ውስጥ ካለው በርበሬ ሳይሰስቱ አወጡ። ይርዳው እጁን ጠቅልሎ ገባበት። ጥቂት ቆይቶ ወይዘሮ ደብሬ በጣባ ጨው ይዘው ብቅ አሉ። ከዚያ ሦስቱ ባለ ተራዎች፣ አንዱ በቅል፣ አንዱ በቆርቆሮ፣ አንዱ በእፍኙ። የራሴን ጨው በስጦታ ተቀበልኩ፤ ደግሞም አመሰገንኩ። መጨረሻ ላይ ታናሹ ወንድም መጣ፤ ሙሉ ቁና አስቀመጠና፣ “ለወንድሜ አትንገር” አለ። ትንሽ ቆይቶ ታላቁ በሌላ መንገድ መጣ። እሱም እንዲሁ አለኝ።

ለሁሉም አልበቃም። የማይድነውን ለይተን ያን ዕለት ለአገሩ ሁሉ አበሰልነው። ሊቀመንበሩ ሦስት በላ፤ አምባዛ አለመሆኑን ግን አስቀድሞ ጠይቋል።

አርብና ቅዳሜ ቋንጣዬ ሲጨስ እኔ ጠጠሩ ዳር ተቀመጥኩ። ጎንበስ ብሎ ላየ ሰው ከጠጠሮቹ መካከል ቢጫ፣ የማሽላ ፍሬ የሚያክል ነገር ይታያል። ውሃው በላዩ ይሮጣል። ወይዘሮ እናኑ አልፈው ሲሄዱ፣ “እየቆጠርኸው ነው?” አሉኝ። አልቆጠርኩም። ያየሁትን ሳልቆጥር መጀመሪያዬ ነው።

እሑድ እንቁላሉ ተፈልፍሎ አባ ቢተው ጠለፋውን ከፈቱና ውሃው ወደ በርበሬው ገባ። የመለሰኝ መንገድ ያው ነው፤ የጅጋዋ ሴት አሁንም ድንች አቀረበችልኝ፤ ጎማ ባይፈነዳም በአንድ እግር ጫማ ስለ ነበርኩ ሒሳብ አልወሰደችም።

ማጠቃለያው ይኸውና። የወጣው ከላይ ተጽፏል። የገባው አንድ አህያ ጭነት በርበሬ የበዛበት ደረቅ አሣ ነው፤ መርካቶ ተሸጦ የጨዉን ግማሽ አልመለሰም። ኪሳራ ነው። ለወንድማማቾቹ ያልመለስኩት የሁለት ቀን ውሃ ቀሪ አለኝ፤ ጠጠሪት ላይ ነው ያለው።